የሃምሳ ዓመት ፍርድ

ሰፈር ውስጥ ኳስ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል። በረኛ የሚደረገው ወይ ትንሹ ልጅ ነው፣ ወይ አይችልም የተባለው። ጎል ሲገባ ግን ሁሉም ዞሮ የሚጮኸው እሱ ላይ ነው። ይህ የሰፈር ፍርድ የአንድ አገር ፍርድ ሲሆን ምን እንደሚመስል የብራዚሉ ሞአሲር ባርቦሳ ሕይወት ያሳያል።

ባርቦሳ የተወለደው በ1921 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ስሙ የገነነው በሪዮ ዴ ጄኔሮው ቫስኮ ዳ ጋማ ነበር። ቫስኮ እንዲሁ ተራ ክለብ አይደለም። በ1923 ጥቁሮችንና ድሃ ሠራተኞችን አሰልፎ የሪዮን ሻምፒዮና ሲወስድ ያበሳጫቸው የባለጸጋ ክለቦች በዓመቱ አዲስ ማኅበር አቋቁመው፣ እነዚህን ልጆች ካላስወጣህ አትገባም ቢሉት እምቢ ያለ ነው። ጥቁሩ ባርቦሳ ከዚህ ክለብ ጋር በ1948 የደቡብ አሜሪካ ክለቦችን ዋንጫ፣ በ1949 ደግሞ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር የአህጉሩን ሻምፒዮና አነሳ። ኳሷ በእጁ እንድትሰማው ብሎ ጓንት እንኳ አያደርግም ነበር።

ጁላይ 16 ቀን 1950 ማራካና ስታዲየም ትኬት ቆርጦ የገባው ብቻ 173,850 ሰው ነው። ብራዚል ስዊድንን 7 ለ 1፣ ስፔንን 6 ለ 1 ጠራርጋ መጥታለች። ከኡራጓይ ጋር እኩል ብትወጣም ዋንጫው የእሷ ነው። ጨዋታው ሳይጀመር የቡድኑን ፎቶ «የዓለም ሻምፒዮኖች» ብሎ ያወጣ ጋዜጣም ነበር። (የእኛ ሙያ ችኮላ የትም አንድ ነው።)

ፍሪያሳ ለብራዚል አገባ። በ66ኛው ደቂቃ ጊጂያ በቀኝ ክንፍ ሰብሮ ገብቶ ያሻገራትን ስኪያፊኖ አስቆጠረ። በ79ኛው ደቂቃ ጊጂያ በዚያው መስመር ተመልሶ መጣ። ባርቦሳ እንደ ቅድሙ ያሻግራታል ብሎ አንድ እርምጃ ከቋሚው ራቅ አለ። ጊጂያ በበረኛውና በቋሚው መካከል በቀረችው ክፍተት መታት። በቃ፣ 2 ለ 1።

እንግዲህ ፍረዱ። ከደቂቃዎች በፊት በተሻገረ ኳስ የተቆጠረበት በረኛ ሌላ ምን ያስብ? በውድድሩ 22 ጎል ያገባው የፊት መስመር ያን ቀን ለምን በአንድ ቀረ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ጥፋቱ የተለጠፈው በባርቦሳና በሁለቱ ተከላካዮች በቢጎዴና በጁቬናል ላይ ነው። ሦስቱም ጥቁሮች ናቸው። አጋጣሚ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው፤ እኔ አይመስለኝም።

ገደ ቢስ የተባለው ነጭ ማልያ ተጥሎ ዛሬ የምናውቀው ቢጫ መጣ። ባርቦሳ ግን በክለቡ ተጫወተ፤ በ1952 የሪዮን ሻምፒዮና እንደገና ወሰደ፤ ለብሔራዊ ቡድኑ ግን ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልተሰለፈም። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ እንጀራው እዚያው ማራካና ግቢ ሆነ፤ ለዓመታት ተቀጥሮ ሠራበት። ሱቅ ውስጥ አንዲት እናት በጣቷ እያሳየች፣ ብራዚልን በሙሉ ያስለቀሰው ሰውዬ ይኸውልህ ብላ ለልጇ ስትነግር መስማቱን ራሱ ተናግሯል። በ1993 ብሔራዊ ቡድኑን ልምምድ ላይ ሊጎበኝ ቢሄድ ገዱ ይጋባብናል ተብሎ ተመለሰ። በብራዚል ሕግ ትልቁ እስራት 30 ዓመት ነው፣ እኔ ግን ባላጠፋሁት 50 ዓመት ከፈልኩ ይል ነበር።

በኤፕሪል 2000 በድህነት አረፈ። ጎሏን ያገባው ጊጂያ ደግሞ በ2009 ወደ ማራካና ተጋብዞ፣ ብራዚላውያን እያጨበጨቡለት የእግሩን አሻራ በስታዲየሙ የክብር ቦታ አተመ።