ሰው ሲጠፋ ማን ይጠየቃል? ከሜልበርን የወርቅ ዘመን የተገኘ ትምህርት



የሠራተኛ እጥረት በተነሣ ቁጥር ከአሠሪዎች አንደበት የሚሰማ አንድ ምሬት አለ፦ «ብገሥጸው ጥሎኝ ይሄዳል፤ ዝም ብል ሥራው ይበላሻል»። በኢኮኖሚክስ ዓይን ሲታይ ነገሩ ቀላል ነው። ሠራተኛው በማግሥቱ ሌላ እንጀራ የሚያገኝ ከሆነ፣ የመባረር ፍርሃት የቁጥጥር መሣሪያነቱ ያከትማል። አስቸጋሪው ጥያቄ በምን ይተካል የሚለው ነው። የምኖርባት ሜልበርን ለዚህ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ሰጥታ በደም ከፍላበታለች።

እ.ኤ.አ. በ1851 ቪክቶሪያ ከኒው ሳውዝ ዌልስ ተለይታ ራሷን የቻለች ቅኝ ግዛት በሆነች በጥቂት ወራት ውስጥ በባላራትና በቤንዲጎ ወርቅ ተገኘ። አስተዳዳሪው ቻርልስ ላ ትሮብ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ወደ ለንደን በጻፉት ደብዳቤ፣ ሜልበርንና ጂሎንግ ከወንድ ነዋሪ ባዶ ሊሆኑ እንደተቃረቡ፣ ንግድ እንደቆመና ትምህርት ቤቶች ሳይቀሩ እንደተዘጉ አስታወቁ። መርከበኛው መርከቡን፣ ጸሐፊው መዝገቡን፣ ፖሊሱም ጥበቃውን ትቶ ወደ ወርቁ ነጎደ።

መንግሥት ደመወዝ ጨመረ፤ ይሁንና ደመወዝ ከወርቅ ተስፋ ጋር ሊፎካከር አልቻለም። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እንደሚባለው፣ ዛሬ ታዝማኒያ ከምትባለው ደሴት ጡረተኛ ወታደሮችን አስመጥቶ ለፖሊስነት ቀጠረ፤ እነርሱም ከሥራቸው ይልቅ በስካራቸው ታወቁ። በጃንዋሪ 1853 ተበታትነው የነበሩት የፖሊስ ኃይሎች 875 ሰዎች ባሉት አንድ ተቋም ተጠቃለሉ፤ ከለንደንም ልምድ ያላቸው ፖሊሶች መጡ። የሰው ቁጥር ተሟላ። ተቆጣጣሪ ግን አልተሟላም።

በዚህ ክፍተት ውስጥ የገባው ማበረታቻ ነው። በወርቅ መስኮች ያለ ፈቃድ መጠጥ ሲሸጥ የተያዘ ሰው ከሚከፍለው ቅጣት ፖሊሱ ድርሻ ነበረው። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል፤ ተቆጣጣሪ ከሌለ ገንዘቡ ይቆጣጠር ነውና። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ቅጣት የሚቆጠር ሲሆን ሰላም ስለማይቆጠር፣ ፖሊሱ የሚከፈልበትን ሠራ፤ የጉቦና የማስፈራራትም በር ተከፈተ። በዚህ ላይ ወርቅ ቢያገኝም ባያገኝም በየወሩ 30 ሺሊንግ የሚከፍለው ቆፋሪ፣ የፈቃድ ወረቀቱን እንዲያሳይ በየጉድጓዱ ይታደን ነበር።

በኦክቶበር 1854 ጀምስ ስኮቢ የተባለ ቆፋሪ በባላራት አንድ ሆቴል አጠገብ ተገደለ። ተጠርጣሪው የሆቴሉ ባለቤት ጀምስ ቤንትሊ ነበር፤ ጉዳዩን ከመረመሩት አንዱ፣ ዳኛ ጆን ዲውስ፣ ከእርሱ ጋር የገንዘብ ትስስር ነበረው። ቤንትሊ በነጻ ተለቀቀ፤ የተቆጣው ሕዝብም ሆቴሉን አቃጠለ። በኋላ ቤንትሊ እንደገና ተከሶ ተፈረደበት፤ ዲውስም ተሰናበተ። እርምጃው ግን የሕዝቡን አመኔታ ለመመለስ ዘግይቶ ነበር። ዲሴምበር 3 ቀን 1854 በዩሬካ ምሽግ በተደረገው ግጭት ከ20 በላይ ቆፋሪዎችና ጥቂት ወታደሮች ሞቱ። በአገር ክህደት ለፍርድ ከቀረቡት 13 ሰዎች ሜልበርን ላይ የተፈረደበት አንድም አልነበረም። በ1855 ወርኃዊው ፈቃድ ቀርቶ በዓመት 1 ፓውንድ በሚከፈልበት የቆፋሪነት መብት ተተካ።

እጥረቱ እውነት ነበር። ጥፋቱን የወለደው ግን ለእጥረቱ የተሰጠው መልስ ነው፦ ማንንም መቅጠር፣ ከዚያም በሚቆጠረው ብቻ መክፈል።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2020 ሜልበርን የኮቪድ ለይቶ ማቆያ ሆቴሎችን ጥበቃ በጥድፊያ ለግል ድርጅቶች ሰጠች፤ ሥራውም በንዑስ ተቋራጮች በኩል ቋሚ ሥራ ወደሌላቸው ጠባቂዎች ወረደ። በቀድሞዋ ዳኛ ጄኒፈር ኮት የተመራው ምርመራ ይህን ውሳኔ ማን እንደወሰነ የሚናገር አንድም ባለሥልጣን አላገኘም። ሕዝቡ ግን ጣቱን የቀሰረው በጠባቂዎቹ ላይ ነበር። ከማኅበረሰባችን ብዙዎች በጥበቃና በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ስለተሰማሩ፣ ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም።

በአገር ቤትም ሆነ በውጭ በፖሊሲ ጉዳይ የምንማከር ሰዎች፣ ስለ ሐኪም፣ ስለ መምህር ወይም ስለ መሐንዲስ እጥረት ስንወያይ «ስንት ሰው ጎደለ?» ብለን እንጀምራለን። ከዚያ በፊት «ሥራውን የሚያየው ማን ነው? ሲበላሽስ በስሙ የሚጠየቀው ማን ነው?» ብንል ይሻላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለ፣ አዲስ የሚቀጠር ሰው ሁሉ ክፍተቱን ከመሙላት ይልቅ ይሸፍነዋል።