ኒኮቲን ያለ ጭስ፦ መድኃኒት ወይስ የመድኃኒት መንገድ?

ኒኮቲን ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ሲጋራ ነው። በነርቭ ጥናት ግን ስሙ የሚጠራው ከአንድ ፕሮቲን ጋር ነው። እንግሊዛዊው ጆን ላንግሌይ እ.ኤ.አ. በ1905 ኒኮቲን የዶሮን ጡንቻ እንዴት እንደሚያኮማትር ተከታትሎ፣ ጡንቻው መልእክት የሚቀበልበት ንጥረ ነገር አለው አለ። ተቀባዩም ከጊዜ በኋላ በዚሁ የትንባሆ መርዝ ስም ተጠራ። የተቀባዩ ባለቤት ግን ሰውነት ራሱ የሚሠራው አሴቲልኮሊን ነው፤ ኒኮቲን መልኩ ስለሚመሳሰል ብቻ በሩ የሚከፈትለት እንግዳ ነው። የኒኮቲን ዋጋ የሚመዘነው በዚህ ልዩነት ይመስለኛል።

ለዚህ የእስራኤሏ የሬሖቮት ከተማ ጥሩ ማስረጃ ናት። በከተማዋ ባለው የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ሳራ ፉክስና ባልደረቦቿ፣ የሰውነት መከላከያ ይህንኑ ተቀባይ ሲያጠቃ የሚመጣውን ጡንቻ አድካሚ በሽታ፣ ማያስቴኒያ ግራቪስን፣ አጥንተዋል። በዚያው ተቋም ጆኤል ሰስማንና እስራኤል ሲልማን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ቅርጽ ይፋ አደረጉ። ለአልዛይመር ሕሙማን የሚታዘዘው፣ በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ በማርታ ዋይንስቶክ የተፈለሰፈው ሪቫስቲግሚን የሚያግደው ይህንኑ ኢንዛይም ነው። እንግዳ አያስገባም፤ የቤቱ ባለቤት ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል።

ኒኮቲኑ ራሱስ ለምን አይታዘዝም? የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ሙከራ፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲን ከተሰጣቸው 35 የትልቁ አንጀት ቁስለት ሕሙማን 17ቱ፣ ከሌሎቹ 37 ደግሞ 9ኙ ብቻ፣ ከምልክቱ ሙሉ በሙሉ መላቀቃቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012ም ቀላል የመርሳት ችግር ባለባቸው 74 የማያጨሱ ሰዎች ላይ ትኩረትና ትውስታ ሲሻሻል ታይቷል፤ ሐኪሞች በአጠቃላይ ሁኔታቸው ላይ የሰጡት ግምገማ ግን ጉልህ ልዩነት አላሳየም። የአንጀቱም ተስፋ አልዘለቀም፤ ከዳኑ በኋላ ኒኮቲን መቀጠል ሕመሙ እንዳይመለስ አላደረገም። ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ፓርኪንሰን ነው። በሽታው በአጫሾች ላይ አነስ ብሎ መታየቱ ብዙዎችን አሳስቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የአንድ ዓመት ሙከራ ግን ኒኮቲን የበሽታውን ግስጋሴ እንደማያዘገይ አረጋገጠ። ምናልባት በሽታው ገና ሳይገለጥ ለሕሙማኑ ሲጋራን መተው ይቀልላቸው ይሆናል፤ ያኔ ምክንያትና ውጤት ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው።

ጭስ ከሌለ ጉዳት የለም የሚለውም አያስኬድም። ካንሰር አምጪዎቹ በአብዛኛው ከጭሱ መሆናቸው እውነት ነው። ኒኮቲን ግን የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ሱስ ያስይዛል፤ በፅንስና በታዳጊ አንጎል ላይም ይጫወታል። እስራኤል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ጁል የተባለውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ያገደችው በሚሊሊትር ከ20 ሚሊግራም በላይ ኒኮቲን ስለያዘ ነበር፤ ክሱ የቀረበው በኒኮቲኑ መጠን ላይ እንጂ በጭስ ላይ አልነበረም። የእኛው ሱረትም ጭስ የለውም፤ ትንባሆ ግን ነው፣ ካንሰር አምጪ ናይትሮሳሚኖችንም ይዟል። ዛሬ ኒኮቲን ጠንካራ ማስረጃ ያለው ለአንድ ሥራ ነው፦ አጫሹን ከሲጋራ ለማላቀቅ፣ በተለጣፊ ወይም በማስቲካ፣ መጠኑ እየቀነሰ ለተወሰነ ጊዜ።