ሩጫው የሦስት፣ ወርቁ የአንድ

በጁላይ ወር 2010 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ወዳጆች በአንድ ክርክር ተወጥረው ነበር። የዘመኑ ኮከብ ሌብሮን ጄምስ ለሰባት ዓመት የተጫወተበትን የክሊቭላንድ ክለብ ትቶ፣ ከሌሎች ሁለት ከዋክብት ከድዌይን ዌድና ከክሪስ ቦሽ ጋር ለመሰለፍ ወደ ማያሚ እንደሚሄድ በቴሌቪዥን አስታወቀ። ዋንጫ የሚገኘው ተቀናቃኝን በመግጠም ነው ወይስ ከተቀናቃኝ ጋር በማበር? ገሚሱ ስልት ነው አለ፤ ገሚሱም ሽሽት ነው አለ።

ክርክሩ ገና ሳይበርድ፣ በዚያው ወር መጨረሻ የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና በናይሮቢ ኒያዮ ስታዲየም ተከፈተ። በ10,000 ሜትር ሴቶች ጥሩነሽ ዲባባ፣ በወንዶች ደግሞ ኬንያዊው ዊልሰን ኪፕሮፕ አሸነፉ። ኒያዮ በስዋሂሊ ዱካ ማለት ነው። በዚያ ስታዲየም የሚቀመጥ ተመልካች፣ ሐበሻም ሆነ ኬንያዊ፣ ሦስት የአንድ አገር ልጆች ከፊት ተሰልፈው አንዱ የሌላውን ዱካ እየተከተለ፣ እየተፈራረቁ ሲመሩ ቢያይ ነውር ነው ብሎ አይነሣም። ለምሥራቅ አፍሪካ ሰው የከዋክብት ማበር የቆየ ሙያ ነው፤ ኢትዮጵያውያን አረንጓዴው ጎርፍ የሚል ስም እስኪያወጡለት ድረስ ለምደውታል። ይሁን እንጂ በማያሚ ምክንያት የተነሣው ጥያቄ እዚህም አለ፤ እንዲያውም እዚህ ይብሳል። በቅርጫት ኳስ ዋንጫው የቡድኑ ሁሉ ሲሆን በመሮጫው መም ላይ ግን ወርቁ አንድ ነው። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚለው ተረት፣ የታሰረው አንበሳ ቆዳ ለየትኛው ድር እንደሚደርስ አይናገርም።

የነገሩ ሥር ሞስኮ ላይ ይገኛል። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ፣ በ1976 የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ በመቅረታቸው የአራት ዓመት ልፋቱ መና ቀርቶበት ነበር። በ1980 ሞስኮ ሲደርስ ብቻውን አልነበረም፤ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ አብረውት ተሰለፉ። ሊገጥሟቸው የቆሙት፣ በሁለት ተከታታይ ኦሎምፒኮች 5,000 እና 10,000 ሜትርን ጠቅልሎ የወሰደው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረንና የአገሩ ልጅ ካርሎ ማኒንካ ነበሩ። (ኬንያ ያን ኦሎምፒክ አድማ መትታ ስለቀረች ጎረቤታሞቹ አልተገናኙም።) ኢትዮጵያውያኑ እየተፈራረቁ ፍጥነቱን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ያደርጉት ጀመር። በእኩል ርምጃ መሮጥ የለመደ ሰው ትንፋሹን የሚያጣው በእንዲህ ያለው መቆራረጥ ነው። በመጨረሻው ዙር “ማርሽ ቀያሪው” ምሩፅ አፈትልኮ ወጣ። ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ።

እዚህ ላይ ቶሎሳን ማሰብ ይገባል። እንደ ጓደኞቹ ሠርቷል፤ ነገር ግን አራተኛ ለወጣ ሰው ሜዳሊያ የለም። የምሩፅን ስም የሚያውቅ ሁሉ የቶሎሳን ስም አያውቅም።

በተከታዩ ዓመት ማድሪድ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ያስቃልም። ኢትዮጵያ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ፣ ሯጮቿ ከፊት ተጠራቅመው ሲመሩ ቆዩና አንድ ዙር ሲቀራቸው ውድድሩ ያለቀ መስሏቸው የነበራቸውን ጉልበት አሟጠው ተፈተለኩ። ስሕተቱን ያወቁት ዘግይተው ነው። የዛለ እግራቸውን ይዘው እንደገና መሮጥ ነበረባቸው። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን አንደኛ፣ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ወጡ፤ የቡድኑ ዋንጫ ግን የኢትዮጵያ ሆነ። በአገር አቋራጭ ሩጫ የሯጮቹ ደረጃ ተደምሮ ዝቅተኛ ድምር ያለው ቡድን ያሸንፋልና፣ በጋራ የተሳሳቱት በጋራ ዳኑ። በዓመቱ ሮም ላይ መሐመድ ራሱ አንደኛ ወጥቶ ተራው ደረሰው።

ኢትዮጵያ ያን የወንዶች ዋንጫ ከ1981 እስከ 1985 አምስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደች። ከ1986 እስከ 2003 ደግሞ ኬንያ ዐሥራ ስምንት ጊዜ ለማንም ሳታስነካ ይዛው ቆየች። የዚህ የበላይነት አንዱ ምስጢር ከናይሮቢ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኤምቡ አቅራቢያ የሚገኘው የኪጋሪ መምህራን ኮሌጅ ነበር። ከጦር ሠራዊቱ፣ ከፖሊሱና ከወህኒ ቤቶቹ ክለቦች ተመርጠው የሚመጡ፣ ዓመቱን ሙሉ እርስ በርስ ሲቀዳደሙ የከረሙ ሯጮች፣ በኬንያ ተራራ ግርጌ ለሳምንታት በአንድ ግቢ እያደሩና አንድ ማዕድ እየቀረቡ ይለማመዱ ነበር። ማን ይቀድማል የሚለው ጥያቄ ከመካከላቸው አልጠፋም፤ ጆን ንጉጊ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በእንዲህ ያለ ፉክክር መካከል ነው። ሆኖም ከኋላ የሚመጣው የቡድኑ ሰው ደረጃም ስለሚደመር፣ ከኮከቡ ጀርባ የሚሮጥ ሁሉ ትርፍ ሰው አልነበረም። የከዋክብት ማበር ያለ ቅሬታ የኖረው በዚህ ዓይነቱ ሩጫ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማበር ነውር የሚሆንበትን ወሰን ያሳየው የ1992ቱ የባርሴሎና ኦሎምፒክ ነው። የሃያ ዓመቱ ኬንያዊ ሪቻርድ ቼሊሞና ሞሮኳዊው ኻሊድ ስካህ በ10,000 ሜትር ከሌሎቹ ተለይተው ለወርቅ ሲተናነቁ፣ አንድ ሙሉ ዙር በተቀደመው በሌላው ሞሮኳዊ በሐሙ ቡታየብ ላይ ደረሱበት። ቡታየብ መንገድ እንደ መልቀቅ ከሁለቱ ጋር ተቀላቅሎ፣ ከቼሊሞ ፊት እየገባ ርምጃውን ያውክበት ጀመር። ተመልካቹ ጮኸ፤ አንድ ዳኛ ከመሙ ሊያስወጣው እጁን እስከ መዘርጋት ደረሰ። ስካህ በመጨረሻዋ ቀጥታ መስመር ቀድሞ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ተሰረዘ፤ በማግሥቱ ደግሞ ይግባኙ ተሰምቶ ወርቁ ተመለሰለት። ነሐሱ የኢትዮጵያዊው የአዲስ አበበ ነበር። ሞስኮ ላይ መሐመድና ቶሎሳ ራሳቸው ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ ሊያሸንፉም ይችሉ ነበር። ቡታየብ ግን በዚያ ሰዓት ለራሱ የሚሮጥለት ነገር አልቀረውም። ዳኞቹ በወረቀት ምንም ይበሉ፣ የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው። ቼሊሞ በዓመቱ የርቀቱን የዓለም ክብረ ወሰን ቢሰብርም ክብሩ በእጁ የቆየው አምስት ቀን ብቻ ነበር፤ ዮቤስ ኦንዲዬኪ ወሰደበት። በ2001 በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ዐረፈ፤ የኦሎምፒክ ወርቅ አላገኘም።

ማበር በራሱ ድልን በእጅ አያስገባም። በ1996 አትላንታ ላይ ኬንያ ፖል ቴርጋትን፣ ፖል ኮችንና ጆሴፋት ማቹካን አሰለፈች፤ ቴርጋት ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ፈጥኖ ሲወጣ ተከትሎት የቀረው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ብቻ ነበር፤ ያ አንድ ሰው በቃ። በ2000 ሲድኒ ላይ ቴርጋት ቀድሞ ሊገባ ሲል ኃይሌ በሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ቀደመው፤ የዚያው ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ወንዶች አሸናፊ እንኳ ከዚህ የሰፋ ልዩነት ነበረው። በተከታዩ ዓመት ኤድመንተን ላይ ደግሞ ኃይሌና አሰፋ መዝገቡ አብረው ቢሮጡም ወርቁን ኬንያዊው ቻርልስ ካማቲ ይዞት ሄደ። በቅርጫት ኳሱም ቢሆን በ2004 የሎስ አንጀለስ ሌከርስ በከዋክብቱ ላይ ካርል ማሎንንና ጋሪ ፔይተንን ጨምሮ፣ ያን ያህል ኮከብ በሌለው በዲትሮይት 4 ለ 1 ተረትቷል።

በዚያው በ2004፣ በኦገስት 20 ምሽት አቴንስ ላይ የታየው ግን በስልት ሚዛን የሚለካ አይደለም። ኃይሌ ሦስተኛውን ተከታታይ የኦሎምፒክ ወርቅ ፈልጎ መጥቷል፤ ዕድሜው ሠላሳ አንድ ሆኗል፤ የተረከዙ ጅማት ታሟል። አጠገቡ የሚሮጠው ቀነኒሳ በቀለ በዚያው ዓመት በቀናት ልዩነት የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰኖችን ከእጁ የወሰደበት ወጣት ነው። ሦስተኛቸው ስለሺ ስሕን ነበር። ከዓመት በፊት ፓሪስ ላይ እነዚሁ ሦስት ሰዎች የዓለም ሻምፒዮናውን ከአንድ እስከ ሦስት ጠቅልለውታል። አሁን ሁለቱ ወጣቶች ፍጥነቱን ሲጨምሩ ኃይሌ ወደ ኋላ ቀረ። ዞር ብለው አዩት፤ ርምጃቸውንም ቀነሱ። ደረሰባቸው። እንደገና ቀረ። ሲጠብቁት ኤርትራዊው ዘረሰናይ ታደሰና ዩጋንዳዊው ቦኒፌስ ኪፕሮፕ አብረው ነበሩና፣ የምትባክነው እያንዳንዷ ሰከንድ ለተቀናቃኝ የምትሰጥ ዕረፍት ነበረች። በመጨረሻ ኃይሌ መድረስ እንደማይችል ሲታወቅ ሁለቱ ሄዱ። ቀነኒሳ በ27 ደቂቃ ከ05.10 ሰከንድ አሸነፈ፤ ስለሺ ሁለተኛ፣ ዘረሰናይ ሦስተኛ ሆኑ፤ ኃይሌ አምስተኛ ገባ።

ያን ጥበቃ አንዳንዱ የዋህነት ይለዋል። ለማሸነፍ የሚሮጥ ሰው ታላቁን አይጠብቅም የሚለው ሙግት ጠንካራ ነው፤ ሊሆን ይችል የነበረውን ሲያስቡትም ያስደነግጣል። ነገር ግን የጠበቁት አሠልጣኝ ያዘዛቸው የድል ስልት ስለሆነ ሊባል አይችልም፤ ለድል አይጠቅምም ነበርና። ሁለቱ የከፈሉት ከራሳቸው ኪስ ነው፤ ተቀባዩም ምንም ሊመልስላቸው በማይችልበት ሰዓት ነው።

ሌብሮንን ሸሸ ያሉት ሰዎች ያላስተዋሉት ይህን ሂሳብ ነው። ማያሚ በ2011 በዳላስ ተሸነፈ፤ በ2012 እና በ2013 አሸነፈ። ክሪስ ቦሽ ቶሮንቶ እያለ የክለቡ ዋና ሰው ነበር፤ ማያሚ ሲደርስ ሦስተኛ ሰው ሆነ፤ የሚያስቆጥረውም ነጥብ ቀነሰ። ሆኖም ዋንጫው ሲነሣ የሻምፒዮንነቱ ቀለበት ለእርሱም እንደ ሌብሮን እኩል ደረሰው። በመም ላይ የሚያብር ኮከብ እንዲህ ያለ ቀለበት የለውም።

ስለሺ ስሕን ከአቴንስ በኋላም ሮጠ። በ2005 ሄልሲንኪ ላይ ሁለተኛ፣ በ2007 ኦሳካ ላይ ሁለተኛ፣ በ2008 ቤጂንግ ላይም ሁለተኛ ሆነ። ሁሉንም ጊዜ የቀደመው ቀነኒሳ ነበር፤ ቤጂንግ ላይ በመካከላቸው ሁለት ሰከንድ እንኳ አልሞላም። በዚያው ኦሎምፒክ ጥሩነሽ ዲባባ 5,000 እና 10,000 ሜትርን አሸነፈች፤ ከሁለት ወር በኋላም ከስለሺ ጋር ተጋቡ። በ2012 ለንደን ላይ የእርሷ የኦሎምፒክ ወርቅ ሦስት ደረሰ። የእርሱ የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ብር።