ስኳር ማቆም ካንሰርን ያስርበዋል? የ100 ዓመት ታሪክ



«ዶክተር፣ ስኳር ካቆምኩ ካንሰሩ በረሃብ ይሞታል?» ይህ ጥያቄ ከትልቁ አንጀት ካንሰር ታማሚዎችና ከቤተሰቦቻቸው በተደጋጋሚ ይደርሰናል። ጥያቄው እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ 100 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ታሪክ አለው። ታሪኩን ሲያውቁ መልሱንም ያገኙታል። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

📌 1920ዎቹ፦ የዋርበርግ ግኝት

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርበርግ በርሊን ውስጥ የካንሰር ዕጢዎችን ሲመረምር እንግዳ ነገር አየ። ጤነኛ ሴል በአብዛኛው ግሉኮስን በኦክስጅን እስከ መጨረሻው አቃጥሎ ብዙ ኃይል ያገኛል። የካንሰር ሴል ግን ኦክስጅን እያለም ብዙ ግሉኮስ ይወስድና አብዛኛውን ወደ ላክቲክ አሲድ ይቀይረዋል። ብክነት ቢመስልም፣ በፍጥነት ለሚባዛ ሴል የግንባታ ጥሬ ዕቃ ያስገኝለታል። ዛሬ በፔት ስካን ካንሰርን የምንፈልገው ይህንኑ የስኳር ፍላጎት ተከትለን ነው።

ዋርበርግ ምክንያቱ የሴሉ አተነፋፈስ መበላሸት ነው ብሎ ደመደመ። በኋላ ግን በብዙ የካንሰር ሴሎች ውስጥ የኃይል ማመንጫው (ማይቶኮንድሪያ) እንደሚሠራ ታወቀ። ታዲያ ሴሉን ስኳር የሚያስጎመጀው ምንድን ነው?

📌 1993፦ ፍንጩ ከትል ተገኘ

አሜሪካውያኑ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ባላት ትል ላይ ሲሠሩ፣ 22 ፊደላት ያህል ብቻ ያሏት አጭር አር ኤን ኤ አገኙ። ይህች አር ኤን ኤ ፕሮቲን አትሠራም፤ ሌላ ጂን ፕሮቲን እንዳያመርት ትገታለች። እንደ መኪና ፍሬን ያስቧት። ለዓመታት የትል ጉዳይ ብቻ ትመስል ነበር። በ2000 ግን የሩቭኩን ቡድን ያገኛት ሁለተኛዋ በሰውም ውስጥ እንዳለች ታየ። ዛሬ ማይክሮ አር ኤን ኤ እንላቸዋለን። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2024 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

📌 2003 እና 2012፦ ፍሬኑ ሲላላ

በ2003 ተመራማሪዎች ማይክሮ አር ኤን ኤ 143 እና 145 የተባሉት በትልቁ አንጀት ዕጢዎች ውስጥ ከጤነኛው አንጀት አንሰው እንደሚገኙ አሳዩ። በ2012 ደግሞ 143 በአንጀት ካንሰር ሴሎች ላይ ሄክሶካይኔዝ 2 የተባለውን ኢንዛይም እንደሚቀንስ ታወቀ። ይህ ኢንዛይም ወደ ሴል የገባውን ግሉኮስ ይዞ ለአገልግሎት የሚያዘጋጅ ነው። ፍሬኑ ሲላላ ኢንዛይሙ ይበዛል፤ ሴሉም ስኳር ይሻማል።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። በ2014 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት፣ እነዚህ ሁለቱ በአንጀት ውስጥ በዋናነት የሚገኙት ካንሰሩ በሚነሳበት ሽፋን ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባሉት ደጋፊ ሴሎች ውስጥ መሆኑን አሳየ። ሌላ ማይክሮ አር ኤን ኤን በመድኃኒት መልክ ለካንሰር ታማሚዎች የሰጠ ሙከራም በ2016 በከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ተቋርጧል። ስለዚህ «ማይክሮ አር ኤን ኤን የሚያስተካክል» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ካጋጠመዎት አይግዙ።

📌 ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?

የካንሰሩ የስኳር ጥማት የሚነሳው ከራሱ ከሴሉ ቁጥጥር መዛባት እንጂ ከሻይዎ ስኳር አይደለም። ምግብ ቢያቆሙም ጉበትዎ ግሉኮስ ይሠራል፤ ለዚህም ጡንቻዎን ያፈርሳል። ካንሰሩ ሳይራብ እርስዎ ይከሳሉ፤ ኬሞቴራፒውን የመቋቋም አቅምዎም ይቀንሳል።

✅ ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ መቀነስ ለሁሉም ጥሩ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለዚህ ካንሰር ያጋልጣልና።
✅ ታማሚ ቤተሰብ ካለዎት እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ እንቁላሉን አይከልክሉት። የስኳር ሕመም ካለበት ሐኪሙን ያማክሩ።
✅ ሰገራ ላይ ደም፣ ለሳምንታት የቆየ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ወይም ደም ማነስ ካለ «ኪንታሮት ነው» ብለው አይለፉት፤ ይመርመሩ።
✅ እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት በዚህ ካንሰር ከታመሙ፣ ምልክት ባይኖርዎትም ቅድመ ምርመራ መቼ እንደሚጀምሩ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ቀድሞ የተገኘ የትልቁ አንጀት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል። ምግብ በመከልከል ላይ ላለ ታማሚ ቤተሰብ ይህን መልእክት ያድርሱልን።