የስደተኛው መጋቢ ማስታወሻ

የስደተኛ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በመሪዎችና በጉባኤ ውሳኔዎች ዙሪያ ነው። አንድ መጋቢ ማን እንዳስጠጋውና ማን እንደ ከሰሰው ራሱ ጽፎ ሲያቆይልን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ፎንቴን ይህን አድርጓል።

ፎንቴን የመጋቢ ልጅ ነበር፤ የተወለደውም እ.ኤ.አ. በ1658 ነው። በኦክቶበር 1685 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ለፕሮቴስታንቶች የአምልኮ መብት ሰጥቶ የነበረውን የናንት ዐዋጅ ሻረ። መጋቢዎች በ15 ቀን አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ፤ ምእመናን ግን እንዳይወጡ ተከለከሉ። ሲሸሽ የተያዘ ወንድ በንጉሡ መርከቦች ላይ ቀዛፊ እስረኛ ይሆን ነበር። ፎንቴን ገና አልተሾመም። ከእጮኛው ጋር በትንሽ ጀልባ፣ ሸራ ሥር ተደብቀው፣ የንጉሡን የጦር መርከብ አልፈው እንግሊዝ ገቡ።

ባርንስተፕል በምትባል የወደብ ከተማ ሰዎች በየቤታቸው ተቀበሏቸው። ፎንቴንን መጀመሪያ ያስገረመው የዳቦው ርካሽነት ነው፤ ወዲያው እህል ወደ ፈረንሳይ ልኮ ስለ መነገድ አሰበ። (ያስጠጋው ባለጸጋ እጮኛውን ለማግባት፣ የባለጸጋው እኅት ደግሞ ፎንቴንን ለማግባት ፈልገው ነበር። ሁለቱም እምቢ ብለው በ1686 መጀመሪያ ተጋቡ።)

ለስደተኛ አገልጋዮች የሚሰጠው ርዳታ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከመቀበል ጋር የተያያዘ ነበር። ፎንቴን ይህን አልተቀበለም፤ በ1688 በፕሬስቢቴሪያን አገልጋዮች እጅ ተሾመ። እንጀራውን ግን ከየት ያምጣ? ቶንተን ከተማ ሱቅ ከፈተ፣ ጨርቅ አሠራ። ነጋዴዎቹ «ይህ መጤ ሥራችንን ቀማን» ብለው ከሰሱት፤ ነገሩ ተሰምቶ በነጻ ተለቀቀ። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ እየነዳ እሑድ የሚሰብክ የዋሽንግተን አገልጋይ የምታውቁ ሁሉ ይህ አዲስ አይሆንባችሁም።

ከሁሉ የከበደው ግን የውጭ ሰው ክስ አልነበረም። በ1694 አየርላንድ ውስጥ በኮርክ ከተማ የፈረንሳይ ስደተኞች ማኅበር መጋቢ ሆነ፤ ኑሮውን በጨርቅ ሥራ እየደጎመ ያገለግል ነበር። አንድ ቀን «አትስረቅ» በሚለው ትእዛዝ ላይ ሰበከ። ከምእመናኑ አንድ ነጋዴ «ስለ እኔ ነው የተናገረው» ብሎ ተቀየመ፣ ሌሎችንም አነሣሣ። በኤጲስ ቆጶስ እጅ ያልተሾመ መሆኑም አብሮ ተነሣበት፤ በመጨረሻ አገልግሎቱን ለቀቀ። በአንድ ጀልባ የተረፉ፣ በአንድ ቋንቋ የሚዘምሩ ሰዎች በስብከት ተጣሉ። ስደት አንድ ያደርገናል የምንል ካለን፣ ኮርክን ደጋግመን ማንበብ ይገባናል። ደግሞም ፎንቴን የሚነግረን በራሱ ወገን ሆኖ ነውና የነጋዴውን ቃል ብንሰማ ምን እንል እንደ ነበር ማሰብ ተገቢ ነው።

ከዚያ በኋላ በባሕር ዳር ዓሣ ማጥመድ ሞከረ፤ የፈረንሳይ የባሕር ዘራፊዎች ቤቱን ሁለት ጊዜ አጠቁት። በመጨረሻ ደብሊን ገብቶ ትምህርት ቤት ከፈተ። ማስታወሻውን በ1722 በዚያው ጻፈው፤ ለልጆቹ፣ በፈረንሳይኛ።

ልጆቹስ? ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወደ ቨርጂኒያ ተሻገሩ። ፒተርና ፍራንሲስ በዚያ ቄሶች ሆኑ፤ ያገለገሉትም አባታቸው ስለ ርዳታ ብሎ ሥርዓቷን አልቀበልም ባላት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው። ማስታወሻው በ1853 ኒው ዮርክ ሲታተም፣ ያዘጋጀችው ከዘሩ የተወለደች አን ሞሪ ነበረች። ያሳተመችውም ወደ እንግሊዝኛ ተርጉማ ነው።