የማኅበር ደንብን ማን ያነባል?



ባለፈው ዓመት ከዚሁ ግቢ በሥነ ልቦና የተመረቀች ጓደኛዬ ደወለችልኝ። በክልላችን የሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የራሳቸውን የሙያ ማኅበር ሊያቋቁሙ ስለሆነ፣ ረቂቅ መተዳደሪያ ደንቡን አንብቤ አስተያየት እንድሰጣት ፈለገች። «አንቺ በሐኪሞች ማኅበር ጸሐፊ ሆነሽ ሠርተሻል፤ እስቲ ቀይ እስክሪብቶሽን ይዘሽ እዪልኝ» አለችኝ።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስም፣ ዓርማ፣ አድራሻ፣ የአባልነት መዋጮ፣ የሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ ሥልጣን፣ የማኅበሩ መፍረስ፤ ሁሉም አለ። የማኅተሙ ቅርፅ ብቻውን ሦስት ንዑስ አንቀጽ ወስዷል። ሁለት ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ። አባላት ሥራ አስፈፃሚው ሳይጠራቸው ተነስተው አንድን ጉዳይ ለውሳኔ ማቅረብ ይችላሉ ወይ? አሠሪው የሚያዘው ነገር ከሙያው ሥነ ምግባር ጋር ሲጋጭስ ባለሙያው ምን ያደርጋል?

ይህንኑ ስነግራት ሳቀች። «አርባ ሰው እንኳ ለማንሞላ ማኅበር ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል?» አለች። ያን ቀን በስልክ የነገርኳትን ታሪክ ነው እዚህ በጽሑፍ ያሰፈርኩት። ታሪኩ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ነው። የመረጥኩት ትልቅ ማኅበር ስለሆነ ሳይሆን፣ የደንቡ ጥንካሬም ድክመትም በአደባባይ ስለተፈተነ ነው። የአገራችንን ሕግ ሳነሳ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሠላሳ አንድ ሰው

ያ ማኅበር ሲጀመር አባላቱ 31 ነበሩ። ስታንሊ ሆል የተባለ ፕሮፌሰር በጁላይ 1892 በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ባልደረቦቹን ሰብስቦ መሠረተው። የመጀመሪያው ደንብ በ1894 ጸደቀ። ዓላማው አንድ ብቻ ነበር፤ ሥነ ልቦናን እንደ ሳይንስ ማሳደግ።

በ1893 ሜሪ ካልኪንስና ክርስቲን ላድ ፍራንክሊን የተባሉ ሁለት ሴቶች አባል ሆነው ተመረጡ። ካልኪንስ በሃርቫርድ ለዶክትሬት የሚጠየቀውን ሁሉ አሟልታ፣ ሴት በመሆኗ ብቻ ዲግሪውን ተከልክላለች። ማኅበሩ ግን በ1905 ፕሬዚዳንቱ አደረጋት። ዩኒቨርሲቲው የዘጋውን በር የሙያ ማኅበሩ ከፈተ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጠቡ መጣ። ማኅበሩ በዋናነት የተመራማሪዎች ነበር። በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በፋብሪካ የሚሠሩት ባለሙያዎች «የኛ ጉዳይ የት ነው የሚነሳው?» እያሉ ቆይተው በ1930ዎቹ መጨረሻ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ መንግሥት የሁሉንም ጉልበት ፈለገና ተራርቀው የነበሩት ለመነጋገር ተገደዱ። በ1945 በአዲስ ደንብ ተዋሐዱ። ለየዘርፉ ክፍሎች ተፈጠሩ፤ የዓላማው አንቀጽም ሰፋ። ሥነ ልቦናን እንደ ሳይንስ፣ እንደ ሙያ እና የሰውን ደኅንነት እንደ ማራመጃ መንገድ ማሳደግ የሚል ሆነ። ይህችን ሦስተኛዋን ሐረግ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

የመጀመሪያው የሥነ ምግባር ደንብ በ1953 ታተመ። የተዘጋጀበት መንገድ በጣም ደስ ይለኛል። አርቃቂዎቹ ቢሮ ዘግተው ከራሳቸው አልጻፉም። ለአባላቱ ደብዳቤ ልከው በሥራ ላይ የገጠማችሁን፣ ሥነ ምግባራዊ ውሳኔ የጠየቀ ጉዳይ ጻፉልን አሉ። ደንቡ ከዚያ ከመጣው ተውጣጣ። እኛ ሐኪሞች የታካሚን ታሪክ ጠይቀን ነው ምርመራ የምንጀምረው፤ እነሱም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

«ይችላሉ» የምትል ቃል

በ2002 የሥነ ምግባር ደንቡ ተሻሻለ። በአንቀጽ 1.02 ላይ የሥነ ምግባር ግዴታ ከሕግ ወይም ከሕጋዊ ባለሥልጣን ትዕዛዝ ጋር ቢጋጭ፣ ባለሙያው ለደንቡ ያለውን ታማኝነት ያሳውቃል፣ ግጭቱን ለመፍታት ይሞክራል፣ አልፈታ ካለ ደግሞ ሕጉን ወይም ትዕዛዙን መከተል ይችላል የሚል ሐሳብ ሰፈረ። የማሻሻያው ሥራ የተጀመረው ከ2001ዱ የኒውዮርክና የዋሽንግተን ጥቃት በፊት ነው። ደንቡ ሲጸድቅ ግን የጓንታናሞ እስር ቤት ተከፍቶ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም በእስረኞች ምርመራ ላይ መሥራት ጀምረው ነበር። በሰላም ቀን የተጻፈች አንዲት «ይችላል» በክፉ ቀን ምን ያህል እንደምታሳልፍ ያኔ ታየ።

በ2005 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጉዳዩን የሚያጠና ግብረ ኃይል ሰየመ። አባላቱ 10 ነበሩ፤ ድምፅ ያላቸው 9። ከ9ኙ 6ቱ ከመከላከያ ወይም ከስለላ ተቋማት ጋር የሥራ ግንኙነት ነበራቸው። በጁን ወር ለሦስት ቀን ተሰብስበው ባለሙያዎች በብሔራዊ ደኅንነት ምርመራ ላይ መሳተፋቸው ከሥነ ምግባር ደንቡ ጋር አይጋጭም የሚል ሪፖርት አወጡ። ሪፖርቱ በማሠቃየት መሳተፍን ከልክሏል፤ በምርመራ ሂደት በአማካሪነት መሥራትን ግን ፈቅዷል። የማኅበሩ ቦርድም በአስቸኳይ ስብሰባ በቀናት ውስጥ አጸደቀው። አባላት የመረጡት የተወካዮች ምክር ቤት አልተጠየቀም።

እዚህ ላይ እናቁም። በዚያ ስብሰባ የተሰበረ አንቀጽ አልነበረም። ቦርዱ በአስቸኳይ የመወሰን ሥልጣን ነበረው፤ ፕሬዚዳንቱም ግብረ ኃይል የመሰየም ሥልጣን ነበረው። ሁሉም ነገር በደንቡ ነው የተደረገው። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

በ2006 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ በእስረኛ ምርመራ በቀጥታ እንዳይሳተፉ አቋም ወሰደ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሕክምና ማኅበርም ተመሳሳይ አቋም ያዘ። ሐኪሞች ቀድሞም የሚይዙት ነገር ነበራቸው፤ የዓለም ሕክምና ማኅበር በ1975 ያወጣው የቶኪዮ መግለጫ ሐኪም በማሠቃየት ተግባር እንዳይተባበርም እንዳይገኝም ይከለክላል። ይህን ስል ሐኪሞች ከሌላው ባለሙያ ይሻላሉ ማለቴ አይደለም። ቀድሞ የተጻፈ ነገር ስለነበራቸው ውሳኔው ቀለለላቸው።

አንድ በመቶ ፊርማ

ከሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ብዙዎች ተቆጡ። መዋጮ መክፈል ያቆሙ ነበሩ፤ ጥለው የወጡም ነበሩ። በ2007 ለተወካዮች ምክር ቤት ጠንከር ያለ ክልከላ ቢቀርብም አልጸደቀም። ያኔ ነው ጥቂት አባላት ማንም የማያነበውን መተዳደሪያ ደንብ ገልጠው ያነበቡት። ውስጡ አንድ የተረሳ መንገድ አገኙ። ከአባላቱ 1 በመቶ ከፈረሙ፣ ጉዳዩ በቦርዱም በምክር ቤቱም በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ለመላው አባላት ድምፅ ይቀርባል።

ፊርማው ተሰበሰበ። ጥያቄው ግልጽ ነበር። ዓለም አቀፍ ሕግ ወይም የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በሚጣስበት እስር ቤት ባለሙያው አይሠራም፤ በቀጥታ ለእስረኛው ወይም ሰብአዊ መብትን ለሚያስጠብቅ ገለልተኛ ወገን ካልሠራ በቀር። በሴፕቴምበር 2008 ድምፁ ተቆጠረ። 8,792 ደገፉ፤ 6,157 ተቃወሙ። ዓላማው ውስጥ የነበረችው የሰው ደኅንነት የምትለዋ ሐረግ ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይታ ባለቤት አገኘች።

ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላለቀም። ውሳኔው የማኅበሩ አቋም እንጂ የሥነ ምግባር ደንቡ አካል ስላልነበረ የተላለፈውን ሰው ለመቅጣት አያስችልም ተባለ። ድምፅ አለ፤ ጥርስ ግን የለውም። አንቀጽ 1.02 በ2010 ተስተካክሎ ይህን ድንጋጌ ይዞ ለሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ማቅረብ አይቻልም የሚል ተጨመረበት። በ2014 መጨረሻ ቦርዱ ገለልተኛ የሕግ ባለሙያ ቀጠረ። በጁላይ 2015 የወጣው ሪፖርት የማኅበሩ አንዳንድ ኃላፊዎች ከመከላከያ ሚኒስቴር ሰዎች ጋር ተመሳጥረው የሥነ ምግባር መመሪያው ልል እንዲሆን አድርገዋል ሲል ደመደመ። ስማቸው ከተነሳው ሰዎች አንዳንዶቹ ድምዳሜውን አስተባብለው ፍርድ ቤት ሄደዋል። በኦገስት 2015 የተወካዮች ምክር ቤቱ ባለሙያዎች በብሔራዊ ደኅንነት ምርመራ እንዳይሳተፉ በ157 ድጋፍና በ1 ተቃውሞ ወሰነ። ቦርዱ በ2005 በቀናት ያጸደቀውን ለመመለስ ማኅበሩ አሥር ዓመት ፈጀበት።

ለኛስ?

«ይሄ የአሜሪካ ጣጣ ነው» የምትሉ አትጠፉም። ጓደኛዬም ብላኛለች። እኔ ግን አንድ ከሰዓት በኋላን አስታወስኩ። ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ ኃላፊ አንድን ታካሚ ሳላየው «ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀት ላይ እንድፈርም ጠየቀኝ። አልፈረምኩም። ጀግና ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ «መጀመሪያ ልየው» ብዬ ብቻ ነው የወጣሁት። ያን ማታ የጨነቀኝ ነገር ሌላ ነው። ነገ ተመልሶ ቢመጣ ማን ጋ ነው የምደውለው? አባል ነበርኩ፤ መዋጮዬን ከፍያለሁ፤ የማኅበሬ ደንብ ስለዚህ ምን እንደሚል ግን አንብቤው አላውቅም ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያም እንደዚሁ ነው። በማረሚያ ቤት ይሠራል፣ በፍርድ ቤት አስተያየት ይሰጣል፣ ለቅጥር ሰው ይፈትናል። ደንበኛው የነገረውን አምጣ የሚለው አለቃ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም።

በአገራችን የማኅበር ሕግ አዲስ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 404 ጀምሮ ስለ ማኅበራት ይደነግጋል። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ቆይቶ፣ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ሕግ ሽሮታል። አዋጅ ይወጣል፣ አዋጅ ይሻራል። ሁሉም ደንብ ይኑራችሁ ይላል፤ በደንቡ ውስጥ ለተራው አባል ስንት በር እንደምንተውለት የምንወስነው ግን እኛው ነን። ይህን የእድር ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። ድንኳን ተከላ የቀረ ስንት እንደሚቀጣ፣ ዳኛው ሲያጠፋ በማን እንደሚጠየቅ ሳያውቅ እድር የሚገባ የለም። የተማርነው ሰዎች ነን ሳናነብ የምንፈርመው።

በመጨረሻ ከጓደኛዬ ጋር ሦስት አንቀጾች ጻፍን። አንደኛ፣ ከአባላት አንድ አሥረኛው ከፈረመ ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይቀርባል፤ ሥራ አስፈፃሚው ሊያስቀረው አይችልም። ሁለተኛ፣ ሥራ አስፈፃሚው በአስቸኳይ የወሰነው ነገር በ60 ቀን ውስጥ በጉባኤ ካልጸደቀ ይወድቃል። ሦስተኛ፣ የአሠሪ ትዕዛዝ ከሥነ ምግባር ደንቡ ጋር ሲጋጭ ደንቡ ይቀድማል፤ በዚህ ምክንያት ለተጎዳ አባል ማኅበሩ በጽሑፍ ይቆምለታል።

በምሥረታ ጉባኤው ሁለተኛው ያለ ክርክር አለፈ። አንደኛው «ለረባሽ በር ይከፍታል» ተብሎ ብዙ ካጨቃጨቀ በኋላ በጠባብ ብልጫ አለፈ። ሦስተኛው «ከበድ ይላል፣ ይጠና» ተብሎ ለኮሚቴ ተመራ። እስካሁን እየተጠና ነው። ጓደኛዬ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። «አንድ አሥረኛ ማለት እኮ አራት ሰው ነው፤ አራት ሰው አላጣም» ትላለች። በአንደኛው አንቀጽ ሦስተኛውን ልታመጣው ነው።

የሥነ ምግባር ኮርስ የምታስተምሩ መምህራኖቻችን፣ ከመርሆዎቹ ጎን ለጎን ተማሪዎቹ አንድ የሙያ ማኅበር ደንብ ከፍተው «እዚህ ውስጥ እኔ የት ነኝ?» ብለው እንዲፈልጉ ብታደርጉልን መልካም ነው። እናንተም የባች ጓደኞቼ፣ የምሩቃን ማኅበራችንም ደንብ አለው። ዘንድሮ ስንገናኝ ፎቶውም ጨዋታውም እንዳለ ሆኖ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ደንቡ ሲታደል ቦርሳ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንብቡት። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ነኝ፤ ቀይ እስክሪብቶ የፈለገ ይምጣ።