ሕዋስ ትእዛዝ የሚቀበልበት በር፦ የኤሪትሮፖይቲን ታሪክና የስሜን ደገኞች



ዛሬ የተሰበሰብንበት የኡራኤል አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሰውነት ይህን እጥረት ለመቅኔ የሚያሳውቅበትን መንገድ ለመረዳት ሳይንስ ከ80 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

እ.ኤ.አ. በ1906 ካርኖና ዴፍላንድር የተባሉ ፈረንሳውያን፣ ደሙ ከፈሰሰ ጥንቸል የተወሰደ ሴረም በሌላ ጥንቸል ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደሚያበዛ ገለጹ። በደም የሚጓዝ መልእክተኛ መኖሩ ያኔ ተገመተ። ተጣርቶ የተገኘው ግን በ1977 ነው፤ ዩጂን ጎልድዋሰር፣ ታካጂ ሚያኬና ባልደረባቸው ከደም ማነስ ሕሙማን የተሰበሰበ 2,550 ሊትር ሽንት አጣርተው ጥቂት ሚሊግራም ኤሪትሮፖይቲን አወጡ።

ይህ ሆርሞን ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ከሕዋሱ ውጭ ሆኖ ነው። እንዴት? በ1989 የተቀባዩ፣ ማለትም የሪሴፕተሩ፣ ዘረ መል ተለየ። በ1993 ደግሞ ከተቀባዩ የውስጥ ጫፍ ጋር የተያያዘው ጃክ 2 የተባለ ኢንዛይም ሚና ታወቀ። ከኩላሊት የመጣው ሆርሞን በመቅኔ ውስጥ ባለ ለጋ ሕዋስ ላይ ሲያርፍ ጥንዶቹ ተቀባዮች አቀማመጣቸውን ይለውጣሉ፤ ሁለቱ ጃክ 2 ኢንዛይሞችም አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት ያኖራል። ቀጥለው ስታት 5 የተባለውን ፕሮቲን ያነቃሉ። እርሱም ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ሕዋሱን ከሞት የሚጠብቁ ዘረ መሎችን ያስነሣል።

ከፍታ ይህን ሥርዓት ያበረታል፣ ደምንም ያወፍራል የሚለው ትምህርት በአብዛኛው ከአንዲስ ተራሮች የመጣ ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም አንዱ ዶክተር አምሃ ገብረመድኅን፣ በ2002 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። በስሜን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተመርምረው የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊተር ሆነ። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም 95.3 በመቶ ነበር። ይህ የቆላና የባሕር ጠረፍ ሰው ልክ ነው። እንደ እኔ ንባብ፣ ደሙ በኦክስጅን ከተሞላ ኩላሊት ብዙ መልእክት የሚልክበት ምክንያት የለውም።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2011 መመሪያ በ3,500 ሜትር ለሚኖር ሰው ከሄሞግሎቢኑ 2.7 ግራም እንዲቀነስ ያዝዝ ነበር። በዚያ ስሌት የስሜኑ አማካይ ወንድ 13.2 ይሆን ነበር፤ የደም ማነስ ወሰኑ ደግሞ 13 ነው። ከአማካዩ ጥቂት ዝቅ ያለ ጤነኛ ገበሬ በመዝገብ ላይ ሕመምተኛ ይባል ነበር ማለት ነው።

ተቀባዩና ጃክ 2 የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ናቸው። የመለኪያው ወሰን ግን የተለካውን ሕዝብ ታሪክ ይዞ ይመጣል። የራሳችንን ልክ በራሳችን ደገኞች መመርመር የእናንተ ትውልድ ሥራ ነው።